ሠርቶ የማያልቅ ሠራተኛ

ጠላ የጠመቀ ሰው ሁሉ ብቅል ከሌለ ድካሙ ከንቱ እንደሚሆን ያውቃል። ገብሱ በውኃ ተነክሮ ይበቅላል፤ ከደረቀ በኋላ ይፈጫል፤ ከዚያም ከጌሾውና ከቂጣው ጋር በጋን ውስጥ ይጨመራል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ የእህሉ ዱቄት ወደ ጣፋጭነት፣ ጣፋጩም ወደ መጠጥነት ይለወጣል። «ብቅሉ ምን ይሠራል?» ብላችሁ በቤታችሁ ብትጠይቁ፣ «ጠላውን ያፈላዋል» የሚል መልስ ታገኙ ይሆናል። መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ኬሚስቶች ግን ይህን አጭር መልስ አብራርተው ለመናገር ብዙ ዘመን ደክመዋል፤ ድካማቸውም ከጠላ ጋን አልፎ ወደ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ ወደ መኪና ጭስ ማውጫና የተበከለ ውኃ ወደሚጣራበት ስፍራ አድርሷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1833 ዓ.ም. ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከገብስ ብቅል ውስጥ አንድ ልዩ ነገር ለይተው አወጡ፤ ዲያስቴዝ ብለውም ሰየሙት። የዲያስቴዝ ጠባይ አስገራሚ ነበር። ከእርሱ ጥቂት ቁንጣሪ፣ ክብደቱ ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ስታርች ወደ ስኳርነት ይለውጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1835 ዓ.ም.፣ ቤርሴሊየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ይህንና ይህን የመሳሰሉ ሌሎች ሁኔታዎችን በአንድነት ሰብስቦ ከመረመረ በኋላ፣ ለሁሉም «ካታሊሲስ» የሚል የወል ስም ሰጣቸው። ቃሉ የተወሰደው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙ መፍታት፣ የታሰረን ማላላት ማለት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ነገር ካታሊስት ይባላል። እንግዲህ ካታሊስት ማለት የአንድን ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት የሚጨምር፣ ለውጡ ሲፈጸም ግን ራሱ ሳይጎድል የሚገኝ ነገር ማለት ነው።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ተማሪ መምህሩ ባሉበት አንድ ቀላል ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በብርጭቆ ውስጥ ለብቻው ሲቀመጥ ጸጥ ብሎ ይኖራል። አንድ ቁራጭ ጥሬ ድንች ሲጨመርበት ግን ወዲያው አረፋ ይደፍቃል። አረፋው ኦክሲጅን ነው፤ የቀረው ፈሳሽ ውኃ ይሆናል። አረፋው ከበረደ በኋላ በዚያው ድንች ላይ አዲስ ፐርኦክሳይድ ቢጨመር እንደገና ይፈላል። ያለቀው ፐርኦክሳይዱ እንጂ ድንቹ ውስጥ ያለው ካታሊስት አይደለም።

አንዳንድ መምህራን ካታሊስትን በጋብቻ ሽማግሌ ይመስሉታል። ሽማግሌው ሁለቱን ቤተ ዘመድ ያገናኛል፤ ቃል ያስተሳስራል፤ ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ግን ሙሽራ ሳይሆን ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል። ምሳሌው ያማረ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት። ሽማግሌ ከዳር ተቀምጦ በቃል ያስማማል፤ ካታሊስት ግን ሞለኪውሎቹን በገዛ አካሉ ላይ ይይዛቸዋል፤ የጠበቀ ማሰሪያቸውን ያላላል፤ አዲስ ማሰሪያ ሲፈጥሩም ይለቃቸዋል። ከዳር ቆሞ የሚሠራው አንዳች ነገር የለም።

ሌላው ምሳሌ የመንገድ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄደው መንገድ ጣርማ በር ሲደርስ ተራራውን ሰንጥቆ በዋሻ ያልፋል። ዋሻው ባይኖር ኖሮ መንገደኛው ወደ ጫፍ መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር። ዋሻው የሁለቱን ከተሞች ከፍታ አልለወጠም፤ የለወጠው በመካከላቸው ያለውን አቀበት ነው። በኬሚካዊ ለውጥም እንዲሁ ሞለኪውሎች ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ለመሸጋገር በመጀመሪያ የሚወጡት አቀበት አለ። አቀበቱን የሚያስወጣቸው አብዛኛውን ጊዜ እሳት ነው። ካታሊስት አቀበቱን ዝቅ ስለሚያደርገው የሚያስፈልገው እሳት ያንሳል፤ የማገዶው ወጪም ይቀንሳል። የካታሊስት ምርምር ከኃይል ቁጠባ ጋር የተሳሰረው በዚሁ ምክንያት ነው። አልሆን የሚለውን ነገር እንዲሆን ማድረግ ግን የካታሊስት ሥልጣን አይደለም። ወደ ደብረ ሲና የማይወስድ መንገድ ዋሻ ቢበጅለትም ደብረ ሲና አያደርስም።

ስለ ብረት ካታሊስቶች የሚነገረው ታሪክ በጣም ደስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ዓ.ም. በጀርመን አገር በየና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴበራይነር፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛበት ፕላቲን ላይ የሃይድሮጂን ጋዝ ለቀቀ። ፕላቲኑ ወዲያውኑ ግሎ ጋዙን አቀጣጠለው። በዚያን ጊዜ ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ክብሪት ገና አልተፈለሰፈም ነበር፤ ስለዚህ ያለ እሳት እሳት የሚሰጥ ብረት መገኘቱ እንደ ተአምር ተቆጠረ። ዴበራይነርም ዚንክና የሰልፈር አሲድ ሃይድሮጂን የሚያመነጩበት፣ ፕላቲን የሚያቀጣጥልበት መለኰሻ ሠራ፤ መሣሪያውም በአውሮፓ በብዙ ቤቶች ገባ። ፕላቲን ለኢትዮጵያ መሬት እንግዳ አይደለም። በወለጋ ዩብዶ በሚባለው ስፍራ ካለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት አንሥቶ ይህ ብረት ከአፈር እየታጠበ ሲወጣ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ የሰውን ኑሮ ከሁሉም ይልቅ የለወጠው ካታሊስት ክቡር ማዕድን ሳይሆን ተራ ብረት ነበር። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጂን አያድግም፤ ሆኖም ሁለቱ የናይትሮጂን አቶሞች እጅግ አጥብቀው ስለ ተያያዙ ተክሉ ከአየር ወስዶ ሊጠቀምባቸው አይችልም። በናይትሮጂን ባሕር ውስጥ እየዋኘ ይራባል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. ፍሪትስ ሃበር የተባለው ጀርመናዊ ናይትሮጂንን ከሃይድሮጂን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳየ። ነገር ግን የተጠቀመበት ኦስሚየም የሚባለው ካታሊስት በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ለፋብሪካ የሚሆን አልነበረም። አልዊን ሚታሽ የተባለው ኬሚስት ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ሌላ ካታሊስት መፈለግ ያዘ። በሺህ የሚቆጠሩ ድብልቆችን አንድ በአንድ ፈተኑ። ንጹሕ ብረት አልረባቸውም። ከስዊድን የመጣ አንድ የብረት ማዕድን ግን ሳይታሰብ ግሩም ውጤት ሰጣቸው፤ ምክንያቱን ሲመረምሩም ብረቱን የረዳው በውስጡ የነበረው ጥቂት ባዕድ ቅመም መሆኑን ተረዱ። በመጨረሻም ብረት ከጥቂት የአሉሚኒየም ኦክሳይድና ከፖታሲየም ጋር ተዘጋጅቶ፣ በ1913 ዓ.ም. ኦፓው ላይ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

የዚያ ብረት ሥራ ዛሬም አላበቃም። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተሠራ ማዳበሪያ በበቀለ እህል መሆኑ ይገመታል። ያው አሞኒያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈንጂ መሥሪያ መዋሉም አይዘነጋም። ካታሊስት የሚያፋጥነውን ነገር መልካምነት አይመርጥም። ዛሬ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሃይድሮጂን የሚወጣው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል በመሆኑ፣ ዓለም ወደ ሰማይ ከምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ ከ1 እስከ 2 እጁ የሚመጣው ከአሞኒያ ፋብሪካዎች ነው። ሃይድሮጂንን በኤሌክትሪክ ኃይል ከውኃ ማውጣት ይቻላል። በዓባይ ዳር በአስዋን የተሠራው የማዳበሪያ ፋብሪካ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ለብዙ ዓመታት ከግድቡ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ሃይድሮጂንን ከውኃ ያወጣ ነበር። ዘዴው የሚታወቅ ነው፤ ርካሽ እንዲሆን ግን የተሻለ ካታሊስት ያስፈልገዋል።

የተሻለ ካታሊስት ፍለጋ ሊቃውንትን የወሰዳቸው ወደ ደቃቅነት ነው። አንድ ትልቅ ግንድ በክብሪት እንደማይቀጣጠል፣ ተፈልጦ ተፈልጦ ጭራሮ ሲሆን ግን ወዲያው እንደሚነድ ማንም ያውቃል። እንጨቱ ያው እንጨት ነው፤ የበዛው ለአየር የተጋለጠው ገጹ ነው። ካታሊስትም የሚሠራው በገጹ ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው አካል ሥራ ፈት ነው። ይህን በቁጥር እንመልከተው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ ስድስት ገጽ የብረት ቁራጭ ስድስቱ ገጾቹ ሲደመሩ 6 ካሬ ሳንቲሜትር ስፋት አላቸው። ይህ ቁራጭ ጎናቸው 1 ሚሊሜትር ወደሆኑ ቁርጥራጮች ቢከፈል፣ 1000 ቁርጥራጮች ይገኛሉ፤ ጠቅላላ ገጻቸውም 60 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። መቆራረጡ ቀጥሎ የእያንዳንዱ ጎን 1 ናኖሜትር ቢደርስ፣ የዚያች በጣት የምትያዝ ቁራጭ ገጽ 6000 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ብዙም አያንስም። ናኖሜትር ማለት አንድ ሜትር ለአንድ ሺህ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ክፋይ ነው። ተማሪው ስሌቱን በደብተሩ ላይ ደግሞ ሠርቶ ቢያረጋግጥ መልካም ነው፤ ጸሐፊው በመጀመሪያ ሲያሰላው ዜሮ የጨመረ መስሎት ሁለት ጊዜ ደግሞታል።

ደቃቅነት ግን ገጽን ከማብዛት የበለጠ ነገር ያመጣል፤ ጠባይንም ይለውጣል። ለዚህ ወርቅን የመሰለ ምስክር የለም። ወርቅ አይዝግም፤ ከአየርም ሆነ ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ ለዘውድና ለጌጥ የተመረጠውም ስለዚሁ ነው። ይህን ያህል ከሁሉ የተለየ ብረት የሌሎችን ሞለኪውሎች ሊይዝና ሊፈታ አይችልም ተብሎ ስለታመነ፣ ኬሚስቶች ወርቅን ለካታሊስትነት አይረባም ብለው ትተውት ነበር። በጃፓን አገር በኦሳካ ይሠራ የነበረው ማሳታኬ ሃሩታ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ያልተጠበቀ ነገር አስታወቀ። ወርቁ ከ5 ናኖሜትር ባነሰ ቅንጣት ተከፋፍሎ እንደ ብረት ኦክሳይድ ባለ ነገር ላይ ሲበተን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ እንኳ ከኦክሲጅን ጋር ያዋሕደዋል። 2 ናኖሜትር ስፋት ያለው የወርቅ ቅንጣት 250 ያህል አቶሞች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በገጹ ላይ ይገኛሉ። ሥራው የሚበረታው የወርቁ ቅንጣት ዳርቻ ከተቀመጠበት ኦክሳይድ ጋር በሚዋሰንበት መስመር ላይ ነው። ወርቁ ብቻውን ሰነፍ ነው፤ መቀመጫውም ብቻውን ሰነፍ ነው፤ በወሰናቸው ላይ ግን ይተጋሉ። መልኩም ቢሆን አይታወቅም፤ እንዲህ የደቀቀ ወርቅ በውኃ ውስጥ ሲበተን ቢጫ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ከሰል በደንብ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ብርድ በበረታበት ሌሊት መስኮትና በር ዘግተው፣ የከሰል ምድጃ አስገብተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚህ ጋዝ ነው። የሃሩታ ወርቅ ይህን መርዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁንና በቤተ ሙከራ ያለ ወርቅ በጓዳ ያለውን ሰው አያድንም። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ማስገባትም አይበቃም፤ ፍሙም ይኸው ጋዝ አለበት። በምድጃው ዘንድ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

በዚያው ዘመን ግራሃም ሃቺንግስ የተባለው የእንግሊዝ ኬሚስት የወርቅን ሌላ ጥቅም አገኘ። የፕላስቲክ ቧንቧ ከሚሠራባቸው ነገሮች ዋናውን ለማዘጋጀት፣ በድንጋይ ከሰል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች የሜርኩሪ ክሎራይድ ካታሊስት ነበር የሚጠቀሙት። ሃቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ወርቅ ይህን ሥራ ከሜርኩሪ አብልጦ እንደሚሠራ አመለከተ። ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት ወደ ጃፓን መመለስ ያስፈልጋል። በሚናማታ ከተማ የነበረው የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ፣ ለሌላ ምርት ይሁን እንጂ፣ ሜርኩሪን በካታሊስትነት እየተጠቀመ ዝቃጩን ወደ ባሕር ወሽመጡ ይለቅ ነበር። ሜርኩሪው በዓሣ አካል ውስጥ ተከማቸ፤ ዓሣውን የሚመገቡት የዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦችም ነርቫቸው ተጎዳ፤ እጅና እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይንና ጆሮአቸው ደከመ፤ በማኅፀን የነበሩ ሕፃናት ሳይቀሩ ተመርዘው ተወለዱ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ የጃፓን መንግሥት የፋብሪካው ሜርኩሪ መንሥኤ መሆኑን ያረጋገጠው ግን በ1968 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ካታሊስት በትርጉሙ አያልቅም ብለናል፤ በእውነተኛ ፋብሪካ ውስጥ ግን ጥቂት በጥቂት ያመልጣል፤ ያመለጠውም የት እንደ ደረሰ መጠየቅ ይገባል። በከተማይቱ ስም የተሰየመው የሚናማታ ስምምነት በ2013 ዓ.ም. ሲጸድቅ፣ የፕላስቲክ ፋብሪካዎችም ሜርኩሪን እንዲተዉ መንገድ ጠረገ፤ በቻይና አገርም በሜርኩሪ ምትክ የወርቅ ካታሊስት በፋብሪካ ሥራ ላይ ውሏል።

በየመንገዱ ከምናያቸው መኪናዎች ብዙዎቹ በጭስ ማውጫቸው ውስጥ ካታሊስት ይዘው ይሄዳሉ። የማር እንጀራ የመሰለ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ የሸክላ አካል አለ፤ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲን፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በደቃቁ ተበትነዋል። ጭሱ በዚያ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ያልነደደው ቤንዚን ይቃጠላሉ፤ ጎጂዎቹ የናይትሮጂን ኦክሳይዶችም ተመልሰው ናይትሮጂን ይሆናሉ። በአሜሪካ ይህ መሣሪያ በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መኪናዎች ላይ በሰፊው ሲገጠም፣ በቤንዚን ላይ ይጨመር የነበረው እርሳስ የካታሊስቱን ገጽ እየሸፈነ አላሠራ አለው። እርሳሱ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ መሆኑ ለብቻው በቂ ምክንያት ነበር፤ ሆኖም ከቤንዚን ውስጥ እንዲወጣ በመጀመሪያ ያስገደደው የካታሊስቱ መመረዝ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ትተዋል፤ የዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ተከትላለች።

ከእሳት ይልቅ በብርሃን የሚሠራም ካታሊስት አለ። አኪራ ፉጂሺማ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በውኃ ውስጥ በተቀመጠ የቲታኒየም ኦክሳይድ ቁራጭ ላይ ብርሃን ሲያበራ የጋዝ ዐረፋ ሲወጣ አየ። ከመምህሩ ከሆንዳ ጋር በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዳስታወቁት፣ ብርሃኑ ውኃውን ወደ ኦክሲጅንና ሃይድሮጂን ከፍሎት ነበር። ቲታኒየም ኦክሳይድ ብርቅ ነገር አይደለም፤ የነጭ ቀለም ዱቄት ነው፤ የቤታችን ግድግዳ የተቀባበት ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ከፀሐይ ብርሃን የሚጠቀመው ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት የተባለውን ክፍል ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህም ወደ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ከመቶ 5 እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ከፀሐይ ነዳጅ የማውጣቱ ተስፋ እስከ ዛሬ ድረስ በፋብሪካ ደረጃ አልተፈጸመም። በጽዳት በኩል ግን ውጤቱ ፈጥኖ ደረሰ። በደቃቅ ቲታኒየም ኦክሳይድ የተቀባ የመስኮት መስተዋት ወይም የግድግዳ ሸክላ ፀሐይ ሲመታው በላዩ የተጣበቀውን ቅባትና እድፍ ይሰባብራል፤ ዝናብም ያጥበዋል። በውኃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የቀለም ፋብሪካ ዝቃጭንና አንዳንድ የተባይ መድኃኒቶችን ይበታትናል። ይሁን እንጂ ዱቄቱን ከጸዳው ውኃ መልሶ መለየት አዳጋች ስለሆነ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ቅንጣቶቹን በአሸዋ፣ በመስተዋት ወይም በሸክላ ላይ አጣብቀው ለመጠቀም ይሞክራሉ።

የደቃቅ ካታሊስቶች ጠላት ራሱ ደቃቅነታቸው ነው። ሙቀት ሲያገኛቸው በሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ የቅቤ ዘለላ እርስ በርስ እየተጠጉ ይዋሐዳሉ፤ ገጻቸው ይጠባል፤ ሥራቸውም ይቀዘቅዛል። ድኝ ያለበት ጋዝም እንደ እርሳሱ ይመርዛቸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማዕድኖቹ እጥረት አለ። ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍለው ሃይድሮጂን ከሚያወጡት መሣሪያዎች አንዱ ዓይነት ኢሪዲየምን ይፈልጋል፤ በዓለም ሁሉ በዓመት የሚወጣው ኢሪዲየም ግን ከ10 ቶን ያነሰ ነው፤ በአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሊጫን የሚችል ነው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች በአንድ በኩል እንደ ኒኬልና ብረት ያሉ የተትረፈረፉ ማዕድናት የክቡራኑን ሥራ እንዲሠሩ ለማድረግ ይደክማሉ፤ በሌላ በኩል ከክቡራኑ አንዲት አቶም እንኳ ሥራ ፈት ሆና እንዳትቀር ይጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በቻይና አገር በዳልያን ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች የፕላቲን አቶሞችን አንድ በአንድ ነጣጥለው በብረት ኦክሳይድ ላይ አስቀመጡ። እያንዳንዷ አቶም ብቻዋን ተቀምጣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን ጋር ታዋሕድ ነበር። የዴበራይነር ፕላቲን በጣት የሚያዝ ስፖንጅ ነበር፤ ይህኛው ከዚህ በላይ ሊከፈል አይችልም።